አንድ ዛፍ ለስንት ዘመድ ይበቃል?

ወንድማማች የአባታቸውን መሬት በሚካፈሉበት ጊዜ ክርክሩ እንደምን ያለ እንደሚሆን በችሎት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከባዕድ ጋር ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ባዕድ የሚፈልገው ሌላ ነውና። ወንድም ግን የሚፈልገው ያንኑ ምንጭ፥ ያንኑ ለም ማሳ፥ ያንኑ የዋርካ ጥላ ነው። በዱር አራዊት ዘንድም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ድኩላና ቆቅ በአንድ ሸለቆ ቢኖሩ በመብል አይጣሉም። ነገር ግን መልካቸው የሚመሳሰል፥ ጥርሳቸውም መብላቸውም አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ዱር እንደምን አብረው ይኖራሉ? አንደኛው ሌላውን ሳያጠፋው እንዴት ይቀራል?

ይህን ጥያቄ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ብዙ ዘመን መርምረውታል። እኛ ለዛሬው ጽሑፋችን የመረጥነው ከአገራችን እጅግ ርቀው በአውስትራልያ የሚኖሩትን ባለ ከረጢት አራዊት ነው። በዚያች አገር የአንድ ቤት ልጆች የሚባሉ ብዙ ወገኖች በአንድ ጫካ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ዛፍ ዙሪያ ተሰብስበው ስለሚገኙ፥ አከፋፈላቸውን ለሚመለከት ሰው ትምህርቱ ብዙ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ባለ ከረጢት መባላቸው፥ እናቲቱ ልጅዋን ገና ሳይጠና ወልዳ በሆድዋ ላይ ባለው የቆዳ ከረጢት ውስጥ ጡት እያጠባች ስለምታሳድገው ነው። ከእነርሱ ሁሉ ትልቁ ቀዩ ካንጋሩ ነው። ወንዱ ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ከሰው ቁመት የማያንስ ሆኖ ሳለ፥ በተወለደበት ቀን ግን ክብደቱ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከባቄላ ፍሬም እምብዛም አይበልጥም። ዓይኑ ሳይገለጥ በፊት እግሮቹ የእናቱን ጠጉር እየጨበጠ ወደ ከረጢቱ ይወጣል፤ በዚያም ስምንት ወር ያህል ይቀመጣል። በትንንሾቹ ወገኖች ዘንድ ከረጢቱ የቆዳ እጥፋት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የእነዚህ አራዊት ዓይነት ከ300 ይበልጣል፤ የሚበዙት በአውስትራልያና በኒው ጊኒ፥ የቀሩት በአሜሪካ ይገኛሉ።

ጋውዘ የተባለ የሞስኮ ሊቅ በ1934 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ነገር አንድ ታላቅ ፈተና ገልጧል። በዓይን ብቻ ለማየት የሚያስቸግሩ ሁለት ዓይነት የውሃ ነፍሳት በአንድ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አኑሮ አንድ ዓይነት ምግብ ቢሰጣቸው፥ ለጥቂት ቀን አብረው ከቈዩ በኋላ አንደኛው በዛ፥ ሁለተኛውም ፈጽሞ ጠፋ። ሌላ ሁለት ዓይነት ባኖረ ጊዜ ግን አንዱ በላይኛው ውሃ፥ አንዱ በዕቃው ታች ተለያይተው መብላት ስለ ያዙ ሁለቱም በሕይወት ቀሩ። እንግዲህ ዘመዳሞች አብረው ኖረው ከተገኙ፥ በአንድ ነገር ተካፍለዋል ማለት ነው፤ ወይ በስፍራ፥ ወይ በመብል፥ ወይ በሰዓት፥ ወይ በከፍታ። ይሁን እንጂ ብርጭቆ ዱር አይደለም። በብርጭቆ ውስጥ ዝናም አይዘገይም፤ እሳትም አይነሣም። ስለዚህ ሕጉን ከብርጭቆው ተምረን፥ ፍርዱን ከጫካው ብናይ ይሻላል እንላለን።

ከአከፋፈል ሁሉ ቀላሉ በወንዝ መለያየት ነው። በሰሜን ኵዊንስላንድ ዝናም በሚበዛበት ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚወጡ ሁለት የካንጋሩ ወገኖች አሉ። አንደኛው በቤኔት ስም የሚጠራው ሲሆን፥ የዴንትሪ ከሚባለው ወንዝ በስተ ሰሜን ይኖራል፤ ሁለተኛው በኖርዌያዊው መንገደኛ በሉምሆልትዝ ስም የሚጠራው ነው፥ እርሱም ከወንዙ በስተ ደቡብ ይኖራል። ሁለቱም ቅጠል ይበላሉ፤ ሁለቱም በዛፍ ላይ ውለው ያድራሉ። ወንዙ በመካከላቸው ስለሚፈስ ግን ሌላ ዳኛ አላስፈለጋቸውም።

በሜዳ ላይ የሚኖሩት ካንጋሮች እንዲህ ያለ ድንበር የላቸውም። ከብሮክን ሂል ከተማ በስተ ሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፋውለርስ ጋፕ በሚባል ደረቅ አገር የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የምርምር ጣቢያ አለው። በዚያ ስፍራ አራት የካንጋሩ ወገኖች በአንድነት ይገኛሉ፤ እነርሱም ቀዩ ካንጋሩ፥ ዋላሩ የሚባለው የድንጋያማ ኰረብታ ካንጋሩ፥ የምሥራቁ ዳልቻ ካንጋሩና የምዕራቡ ዳልቻ ካንጋሩ ናቸው። አራቱም ሣር በሎች ናቸው። ዝናም ዘንቦ መስኩ በለመለመ ጊዜ አራቱም ያንኑ ለምለም ሣር ሲግጡ ይታያሉ፤ በመካከላቸውም ክፍያ ያለ አይመስልም።

ክፍያው የሚታወቀው ፀሐይ በበረታች ጊዜ ነው። ቀዩ ካንጋሩ የሜዳ ሰው ነው ብንል አንሳሳትም፤ ከአንድ ትንሽ ቍጥቋጦ ጥላ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ዝናም በሩቅ መዝነቡን ባወቀ ጊዜ ደግሞ ስፍራውን ትቶ ሣሩ ወደ በቀለበት ይሄዳል። ዋላሩ ግን ከኰረብታው አይርቅም። በቀትር በድንጋይ ዋሻ ወይም በቋጥኝ ጥላ ገብቶ ይቀመጣል፤ ማታ ወርዶ በአቅራቢያው ይግጣል። ዋሻው ስለሚያቀዘቅዝለት የሚያስፈልገው ውሃ ጥቂት ነው፤ ደረቅና ኀይል የሌለውን ሣርም ታግሦ ይበላል። አንዱ ረኃብን በእግሩ ያመልጣል፥ አንዱ ረኃብን ከቤቱ ተቀምጦ ይችላል። እንዲህ ያሉ ሁለት ወንድማማች በሰው ዘንድም አይጠፉም።

የሁለቱ ዳልቻዎች ነገር ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። መልካቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ብዙ ዘመን እንደ አንድ ወገን ይቈጠሩ ነበር። የምሥራቁ በዝናማሙ ምሥራቅ፥ የምዕራቡ ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ጀምሮ በደቡብ በኩል ይኖራሉ፤ በመካከል ባለው ሰፊ አገር ግን ባንድ መስክ ይሰማራሉ። ሆኖም በዱር እርስ በርሳቸው እምብዛም አይጋቡም። ደግሞም በሌሎቹ ካንጋሮች ዘንድ እናቲቱ በከረጢትዋ ልጅ ሳላት ሌላውን ፅንስ በማኅፀንዋ ሳያድግ የምታቈይበት ልማድ አለ፤ የምዕራቡ ዳልቻ ግን ይህን አያደርግም። ስለዚህ በውጭ የማይታይ ልዩነት በውስጥ ይገኛል።

የእነዚህ ሜዳዎች ክፍያ የቆመ ሕግ እንዳይመስለን አንድ ነገር እንጨምር። በምዕራብ አውስትራልያ ፒልባራ በሚባለው አውራጃ የበግ እርባታ በበዛ ጊዜ በጎቹ መልካሙን ሣር ግጠው ጨረሱት፤ የቀረውም ስፒኒፌክስ የተባለ እንደ መርፌ የሚዋጋ ደረቅ ሣር ሆነ። ቀዩ ካንጋሩ ይህን ሊችል ስላልቻለ ቍጥሩ አነሰ። ዋላሩ ግን በልቶት ኖረ፤ ዘመዱ በለቀቀውም ስፍራ በዛ። ባለ በጎቹ ዋላሩ ሣራችንን ጨረሰብን እያሉ ቢከሱትም፥ ነገሩን የመረመሩት ሊቃውንት ሣሩን ያጠፋው በጉ መሆኑን አስረድተዋል። መሬቱ ሲለወጥ ክፍያውም ይለወጣል፤ ይህን አንባቢ ልብ ያድርግልን፥ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ከሜዳው ወደ ጫካው፥ ከትልልቆቹም ወደ ትንንሾቹ እንሂድ። በምሥራቅ አውስትራልያ እርጥብ ጫካ ውስጥ አንቴኪነስ የሚባሉ አይጥ የሚመስሉ አራዊት ይኖራሉ፤ አይጥ ግን አይደሉም፤ ባለ ከረጢት ናቸው፥ የሚበሉትም ነፍሳትን ነው። ባንድ ጫካ ሁለት ዓይነት አብረው ይገኛሉ። ታላቁ ጥቍር መልክ ያለው፥ በፊት እግሮቹም ረጃጅም ጥፍር ያለው ሲሆን፥ መሬቱን እየቈፈረ ትልና የጥንዚዛ ዕጭ ያወጣል። ታናሹ በክብደት የታላቁን ግማሽ ያህል ነው፤ በወደቀ ግንድና በዛፍ ላይ እየወጣ ነፍሳትን ያድናል። የሚያያቸው ሰው ታላቁ መሬትን፥ ታናሹ ዛፍን ወደው የተካፈሉ ይመስለዋል።

ክሪስ ዲክማን የተባለው ሊቅ ግን በ1986 ዓ.ም. ባሳተመው ምርመራ ነገሩን በሌላ መንገድ ገለጠው። ከአንዱ ጫካ ታላቆቹን እያጠመደ አወጣቸው። ያን ጊዜ ታናሾቹ ወዲያው በዙ፤ ታላቆቹ ይውሉበት ወደ ነበረው ስፍራም ወርደው በመሬት ላይ መብላት ጀመሩ። ከሌላው ጫካ ደግሞ ታናሾቹን አወጣ፤ ታላቆቹ ግን በዚህ እምብዛም አልተለወጡም። ስለዚህ ታናሹ ዛፍ ላይ የሚወጣው ዛፍ ስለ ወደደ ብቻ አይደለም፤ ታላቁ በመሬት ስላለ ጭምር ነው። በውሉ ላይ ስምምነት ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ስምምነት አለመሆኑን እኛ ጸሓፊዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

ስለ አንቴኪነስ ሳንጽፍ ልናልፈው የማይገባን አንድ ነገር አለ። ወንዶቹ ሁሉ በተወለዱ በዓመታቸው ገደማ ለጥቂት ሳምንት ያህል ከእንስቶቹ ጋር ይውላሉ፤ ከዚያም አንድ ሳይቀር ይሞታሉ። ድካሙና በሰውነታቸው ውስጥ የሚመነጨው ኀይለኛ ቅመም ገላቸውን ያፈርሰዋል። ልጆቹ በሚወለዱበት ወራት በጫካው ውስጥ አንድ አባት እንኳ የለም። መብሉ ለእናቶቹና ለልጆቹ ብቻ ይቀራል። ይህን ያነበቡ እመቤቶች የሚሉትን ይበሉ፤ እኛ እንዳገኘነው ጻፍነው።

ከሜልቦርን ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የቪክቶርያ ደጋ የሚገኘው ጫካ ግን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ስቦታል። የጫካው ንጉሥ ማውንቴን አሽ የሚባለው ዛፍ ነው። ይህም ዛፍ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ከገባው ከባሕር ዛፍ ጋር አንድ ወገን ነው። አበባ ከሚያብቡ ዛፎች መካከል በቁመት እጅግ ከሚበልጡት አንዱ ነው፤ 100 ሜትር ያህል የደረሰ ተገኝቷል። ከሥሩ ደግሞ የግራር ወገን የሆኑ ዛፎች ይበቅላሉ፤ እነርሱም ልክ እንደ እኛ አገር ግራር ሙጫ ያፈልቃሉ። እኛ ባሕር ዛፍን ለማገዶና ለቤት ሥራ በልጅነቱ ስለምንቈርጠው የሸመገለ ባሕር ዛፍ ምን እንደሚመስል የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ሲሸመግል ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ በስብራቱ ውሃና ምስጥ ይገባል፤ እሳትም ይበላዋል፤ ውስጡም እየበሰበሰ ቀፎ ይሆናል። ይህ ቀፎ ለጫካው አራዊት ቤት ነው። ቤቱ ግን በችኰላ አይሠራም። ለትንሹ እንስሳ የሚበቃ ሽንቁር እንኳ እስኪበጅ ዛፉ ከ100 ዓመት በላይ ሊቈይ ይገባዋል፤ ለትልቁ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

በዚህ ዛፍ ዙሪያ የሚኖሩት ባለ ከረጢቶች ቀን ተኝተው ሌሊት የሚወጡ ናቸው። ከትልቁ ብንጀምር፥ የተራራው ፖሰም የሚባለው ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወደ መሬት ወርዶ ቅጠልና እንጕዳይ ይበላል። የእርሱ የቅርብ ዘመድ በከተማ ጣራ ላይ የሚታየው ተራው ፖሰም ነው፤ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ አይደባለቁም፤ እርጥቡን ጫካ ለተራራው ትቶ፥ ተራው በደረቁና በገላጣው ጫካ፥ በሰውም አጥር ግቢ ይኖራል።

ከዚህ ቀጥሎ ታላቁ ተንሳፋፊ አለ። ከፊት እግሩ ክርን እስከ ኋላ እግሩ የተዘረጋ የቆዳ ሽፋን ስላለው፥ ከአንዱ ዛፍ ጫፍ ተወርውሮ እስከ 100 ሜትር ድረስ በአየር ላይ ተንሳፎ ወደ ሌላው ይደርሳል። መብሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ነው። ድምፅ የለውም፤ ብቻውን ይኖራል፤ ቅጠሉ በያለበት ስለሚገኝም ከ1 እስከ 3 ሄክታር የሆነች መሬት ትበቃዋለች። ቢጫ ሆዱ ተንሳፋፊ ደግሞ ከእርሱ በታች ነው፤ እስከ 700 ግራም ያህል ይመዝናል። እርሱ የሚፈልገው ቅጠሉን ሳይሆን በግንዱ ውስጥ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በጥርሱ ግንዱን እየበሳ ከቁስሉ የሚፈሰውን ይልሳል፤ የአበባ ማርና ነፍሳትም ይጨምራል። ይህ መብል በየወራቱ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስለሚዛወር የአንድ ቤተሰብ ርስት 30 ሄክታርና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ይህን ያህል አገር ለመጠበቅም እጅግ ከሩቅ የሚሰማ ጩኸት ይጮኻል። ባንድ ዛፍ ላይ አንዱ ቅጠሉን፥ አንዱ ከግንዱ የሚፈሰውን ይወስዳል፤ ስለዚህ በመብል አይገናኙም። በነገራችን ላይ ሁለቱም ተንሳፋፊ ቢባሉ ዘመድነታቸው ሩቅ ነው፤ መንሳፈፍ በባለ ከረጢቶች ዘንድ ሦስት ጊዜ ለየብቻው የተገኘ ጥበብ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። ሦስተኛው ላባ ጅራቱ የሚባለው ነው፤ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ግራም ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሁለት እጅግ የተቀራረቡ ዘመዳሞች እናገኛለን። አንደኛው የስኳር ተንሳፋፊ ሲባል የኖረው ነው፤ በ2020 ዓ.ም. ሊቃውንት በሦስት ወገን ከፍለውት የቪክቶርያው የክሬፍት ተንሳፋፊ ተብሏል። ሁለተኛው የሊድቢተር ፖሰም ነው። መልካቸውም መጠናቸውም ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ከ100 ግራም ጥቂት የሚበልጡ ናቸው፤ ሁለቱም የግራር ሙጫና ነፍሳት ይበላሉ፤ ሁለቱም ቤተሰብ ሆነው በአንድ ሽንቁር ያድራሉ። በዓይን የሚለያቸው ተንሳፋፊው የቆዳ ሽፋን ሲኖረው የሊድቢተር ፖሰም የሌለው መሆኑ ነው። ክፍያውም ከዚሁ ይመጣል። ተንሳፋፊው ዛፍ ከዛፍ ቢራራቅም ገደል እንደሚሻገር ድልድይ አየሩን ይሻገረዋል። ፖሰሙ ግን በዝላይ ብቻ ስለሚሄድ፥ ግራሩ ጥቅጥቅ ብሎ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ የተያያዘበትን ስፍራ ይሻል፤ እንዲህ ባለው ስፍራ ግን እንደ እርሱ የሚፈጥን የለም። የቤቱም ሥርዓት የሚያስገርም ነው። ገዢዋ እናቲቱ ናት። አንዲት እናትና አንድ አባት፥ ከልጆቻቸውና ከተጨመሩት ወንዶች ጋር እስከ 12 ድረስ ሆነው በአንድ የልጣጭ ጎጆ ያድራሉ፤ ሌላ እንስት ግን አይገባም። ሴት ልጅዋን እንኳ ከወንዱ ልጅ ቀድማ ከቤት ታስወጣታለች።

የዚህ የሊድቢተር ፖሰም ታሪክ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ማኮይ የተባለው የሜልቦርን ቤተ መዘክር ሹም በ1867 ዓ.ም. ለሊቃውንት አስታወቀው፤ ስሙንም በዚያው ቤተ መዘክር የአራዊት ቆዳ ያዘጋጅ በነበረው በሊድቢተር ሰየመው። ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ግን የሚያየው ታጣ፤ ይኖርበት የነበረውም ረግረግ ተቈፍሮ እየደረቀ እርሻ ሆነ፤ ጠፍቷል ተባለ። በ1961 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን ኤሪክ ዊልኪንሰን የተባለ ሰው ከሜሪስቪል አጠገብ በጫካ ውስጥ ሌሊት በመብራት ሲመለከት፥ የስኳር ተንሳፋፊ የመሰለ፥ ሽፋን ግን የሌለው እንስሳ አየ። ከ50 ዓመት በላይ ከሞቱት የተቈጠረው ፖሰም በሕይወት ኖሮ ነበር። የቪክቶርያም መንግሥት በ1971 ዓ.ም. የአገሩ ምልክት አድርጎ መረጠው።

እዚያ ጫካ በዚያ ጊዜ ለምን በዝቶ ተገኘ? መልሱ በእሳት ነው። በ1939 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን ታላቅ እሳት ያን ደጋ አቃጥሎት ነበር። ማውንቴን አሽ እሳት ሲያገኘው ይሞታል፤ ዘሩ ግን ከአመዱ ይበቅላል። የሞቱት ሽማግሌ ዛፎች ግንዳቸው ቆሞ ስለ ቀረ በውስጣቸው ሽንቁር ሞልቶ ነበር፤ በሥራቸው ደግሞ ከእሳቱ በኋላ የበቀለው ግራር ጥቅጥቅ ብሎ ሙጫውን ያፈልቅ ነበር። አሮጌ ቤትና አዲስ ማዕድ ባንድ ጊዜ ተገኙ። ለፖሰሙ ከዚህ የተሻለ ዘመን አልነበረም።

ከላይ እንዳየነው ዘመዳሞቹ መብልን በብልኀት ተካፍለዋል፤ ቅጠሉ ለአንዱ፥ ፈሳሹ ለአንዱ፥ ሙጫው ለአንዱ ነው። ሽንቁርን ግን ሁሉም ይሻሉ። በእርግጥ በቤትም ምርጫ አላቸው፤ ታላቁ ተንሳፋፊ ረጅሙንና በሕይወት ያለውን ዛፍ፥ የሊድቢተር ፖሰም አጭሩንና ወፍራሙን፥ ብዙ ሽንቁር ያለበትንና በዙሪያው ግራር የበዛበትን ይመርጣሉ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ጫካ የሠራው ዴቪድ ሊንደንማየር ከባልንጀሮቹ ጋር ዛፎቹን እየቈጠረ፥ ከምሽቱ ጀምሮ ከሥራቸው ተቀምጦ ማን ከየትኛው እንደሚወጣ እየመዘገበ ይህን አስረድቶናል። ደግሞም አንዱ ዛፍ ሽንቁሩ ብዙ ቢሆንም ሁለት ወገን ባንድ ላይ አድሮበት ማግኘት ብርቅ ነው። አንድ እንስሳ ወይም ቤተሰብ ደግሞ በአንድ ዛፍ ብቻ አይወሰንም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ ያድራል። ስለዚህ ሽማግሌው ዛፍ ብዙ ሲሆን ሁሉም እንደ ምርጫው ይኖራል፤ ጥቂት ሲሆን ግን ምርጫ የሚባል ነገር ይቀራል፤ የሚገዛው ቀድሞ የያዘ ወይም ጕልበት ያለው ነው።

ጥቂት ያደረገውም ሰውና እሳት ናቸው። እንጨት ቈራጮች ጫካውን እየመነጠሩ አዲስ ዛፍ ይተክሉበት ነበር፤ አዲሱ ዛፍ ለመጋዝ ቢሆን በደረሰ፥ ለቤት ግን አልደረሰም። በ1939 ዓ.ም. ቆመው የቀሩት ሙት ግንዶችም በየዓመቱ እየበሰበሱ ይወድቃሉ። በ2009 ዓ.ም. የካቲት 7 ቀን ደግሞ 173 ሰዎች የሞቱበት እሳት ተነሥቶ ከሊድቢተር ፖሰም አገር ታላቅ ክፍል አቃጠለ። ታላቁ ተንሳፋፊ ከእሳቱ በተጨማሪ ሙቀት ያስጨንቀዋል፤ ሌሊቱ በሞቀ ጊዜ ቅጠል መብላቱን ይቀንሳልና። የሊድቢተር ፖሰም በ2015 ዓ.ም.፥ የደቡቡ ታላቅ ተንሳፋፊ በ2022 ዓ.ም. የመጥፋት አደጋ ካለባቸው መካከል በአውስትራልያ መንግሥት መዝገብ ከፍ ባለው ተራ ተጻፉ። የቪክቶርያ መንግሥትም ከ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በመንግሥት ደን ውስጥ የሚደረገውን የተፈጥሮ ዛፍ ቈረጣ አቁሟል።

በዚህ ላይ ሁለት አሳብ ሲነገር ሰምተናል። አንዳንዶች ዘመዳሞቹ እርስ በርሳቸው ይጨራረሳሉና ኀይለኛውን እያወጡ ደካማውን ማትረፍ ይገባል ይላሉ። ለእኛ ግን ይህ የሚረዳ አይመስለንም፤ ችግሩ ከዘመዱ ሳይሆን ከቤቱ ማነስ መጥቷልና፤ የፒልባራውን በግና ዋላሩንም ያስታውሷል። ሌሎቹ ከእንጨት የተሠራ ሣጥን በዛፍ ላይ እየሰቀሉ፥ በመጋዝም ግንዱን እየፈለፈሉ ቤት ያዘጋጁላቸዋል። ፖሰሞቹ በአንዳንድ ስፍራ ሣጥኑን ወድደው ገብተውበታል። ሣጥን ግን እየበሰበሰ ይወድቃል፤ ጠባቂ ይሻል፤ መቶ ዓመት ከሚቆም ግንድ ጋር የሚተካከል አይደለም።

ስለዚህ የጫካው ጠባቂዎች ቍጥር ይቈጥራሉ። የቀድሞዎቹ ሙት ግንዶች በያመቱ ይወድቃሉ። በ1939 ዓ.ም. ከአመዱ የበቀሉት ዛፎች ቁመታቸው ሰማይ የሚነካ ይመስላል፤ ግንዳቸው ቀጥ ያለ፥ ልጣጫቸውም የለሰለሰ ነው። 100 ዓመት የሚሞላቸው በ2039 ዓ.ም. ነው። ሽንቁር ለማብጀት ግን ያን ጊዜም ገና ልጆች ናቸው።